የፋኑኤል መርዶ

ዘቢደር ኑዋዲቡ የገባችበት ቀን ነፋሱ ዓይን አያስገልጥም ነበር። ከተማዋ ከአንድ ወገን በረሃ፣ ከሌላው ወገን አትላንቲክ ያለባት የሞሪታኒያ ወደብ ናት። አሸዋው በቁርጭምጭሚት ከፍታ እንደ ወራጅ ውሃ ይሮጣል፤ ሰማዩ ደመና የለበትም፣ ግን የቆሸሸ ነጠላ መስሏል። ቀኑን ሙሉ በበረሃው ያመጣት ታክሲ ወደቡ አጠገብ አውርዷት ሲሄድ፣ ሻንጣዋን በሁለት እጇ ታቅፋ ለነፋሱ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። ከዓሣ ፋብሪካዎቹ የሚመጣው ሽታ ጉሮሮ ያንቃል። ሻንጣው ውስጥ ለልጇ ለፋኑኤል የገዛችው ጃኬትና ሁለት ሱሪ አለ። የመጣችው ልጇ ጀልባ ላይ ሳይወጣ ደርሳ ልታስቀረው ነው።

ፋኑኤል ግን ጀልባው ላይ ከወጣም፣ ከሞተም፣ ከተቀበረም ቆይቷል። ይህን ሎስ አንጀለስ ያለው ወንድሟ አድማሱ ያውቃል። የአድማሱ ሚስት እታገኝ ታውቃለች። ሐበሻ በሚበዛበት የከተማው ሰፈር፣ ፌርፋክስ ላይ ሱቅ የከፈተ፣ ሥጋ የሚቆርጥ፣ መኪና ፓርክ የሚያደርግ የአገር ሰው ሁሉ ያውቃል። የማታውቀው እናትየዋ ብቻ ናት።

ዘቢደር የጉለሌ ልጅ ናት። ከስድስተኛ ክፍል ትምህርቷን ጥላ ልብስ ስፌት ገባች፤ አገባች፤ ባሏ ጥሏት ሲሄድ ፋኑኤል ገና ጡት አልተወም ነበር። ዲቪውን ከአሜሪካ ሆኖ የሞላላት አድማሱ ነው። "ልጅ የለኝም በዪ፤ ልጅ ካለ ነገሩን ያከብደዋል። ኋላ ታመጪዋለሽ" አላት። ታላቅ ወንድሟ ነው፤ አገሩንም ያውቀዋል ብላ አመነችው። ዲቪው ደረሳት፤ ልጇን ለአክስቷ ትታ መጣች። ኋላ ላምጣው ስትል "ያኔ የለኝም ያልሽው ልጅ አሁን ከየት መጣ?" ተባለች። ጠበቃ ተያዘ፤ ዓመት በዓመት ላይ ሄደ፤ ልጁ በስልክ ውስጥ ጢም አወጣ።

እሷ ሎስ አንጀለስ አጠገብ ካልቨር ሲቲ፣ አድማሱ ቤት የኋላ ክፍል ውስጥ እየኖረች ሳንታ ሞኒካ ሆቴል ታጸዳለች። ባሕር የሚያዩ ክፍሎች የእሷ ናቸው። አልጋ ታነጥፋለች፣ መታጠቢያ ቤት ትፈትጋለች፣ የሰው ፀጉር ከፍሳሽ ውስጥ ታወጣለች። ባሕሩን ቆማ አይታው አታውቅም፤ ጊዜ የላትም።

ፋኑኤል መጠበቅ ሰልችቶት ወደ ዳካር በረረ። ከዚያ በመኪና ወደ ሰሜን ሄዶ አንድ ቀን ደወለላት።

"እማ፣ ኑዋዲቡ ነኝ።"

"የት ነው እሱ ደግሞ?"

"የዓለም ጫፍ በያት። ፍየሎቹ ካርቶን ነው የሚበሉት። ሣር ብታሳያቸው ፖሊስ ይጠራሉ።"

"ቀልዱን ተውና እዚያ ምን ትሠራለህ?"

"ከዚህ የስፔን ደሴት ቅርብ ነው። አንዴ ልሻገር እንጂ ያንቺን አሜሪካ በእግሬም ቢሆን እደርስበታለሁ።"

"ባሕር ላይ ትወጣና አልወለድኩህም! እዚያው ቁጭ በል፤ እኔ እመጣለሁ።"

"እሺ፣ እሺ" አለ። ከዚያ በኋላ ስልኩ አልሠራም።

መርዶውን ለአድማሱ የደወለለት ወርቁ የሚባል ልጅ ነው። ኑዋዲቡ ዓሣ ፋብሪካ የሚሠራ፣ ከፋኑኤል ጋር አንድ ክፍል ያደረ የአገር ልጅ ነው። ፋኑኤል ከመውጣቱ በፊት የአጎቱን ቁጥር ሰጥቶት "ክፉ ከገጠመኝ ለእሱ ንገር፤ ለእናቴ እንዳትደውል" ብሎት ነበር። አድማሱ የሚሠራበት ፓርኪንግ ውስጥ ቆሞ ሰማ። የሰው መኪና ቁልፍ በእጁ እንደያዘ ቤቱ ሄደ።

እታገኝ አለቀሰች። ትንሽ አልቅሳ ፊቷን ጠረገችና "የትርሲትስ ሠርግ?" አለች። ትርሲት ልጃቸው ናት፤ ሠርጓ ለዳግማ ትንሣኤ ነበር።

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ዛሬ ከነገርናት ሠርጉ ቀረ ማለቴ ነዋ! አዳራሹን ካንሰል እናድርገው? ሰው ከአትላንታ፣ ከሲያትል ቲኬት ቆርጧል። ሶ፣ ልጁ አንዴ ሞቷል። ዛሬ ብትሰማ፣ ከሠርጉ በኋላ ብትሰማ አይነሳ።"

"እህቴ ናት እኮ፣ እታገኝ።"

"እኔስ ምኗ ነኝ? መርዶ እንደሆነ ያለ ወጉ አይነገርም። በሥራ ቀን አይነገርም፣ በሕማማት አይነገርም። ሠርጉ ይለፍና ሰው ሰብስበን በማለዳ እንነግራታለን።"

አድማሱ እሺ አለ። እሺ ማለት የሚወድ ሰው ነው። ወሬው ግን ከቤቱ ወጥቶ ፌርፋክስን ከላይ እስከ ታች አዳረሰ፤ ሁሉም ሰምቶ ሁሉም "እሷ እንዳትሰማ" እየተባባለ ዝም አለ። በዚህ በኩል ሰዉ ምስጢር ጠባቂ ነው።

ሠርጉ ላይ ዘቢደር ጨፈረች። ሹሩባ ተሠርታ፣ አረንጓዴ ጥለት ያለው ቀሚስ ለብሳ፣ አክስት ናትና መሐል ገብታ ጨፈረች። ልጇ ስልኩን ቢዘጋባት ቅሬታ ነበራት እንጂ ክፉ አላሰበችም። ሊሊ የምትባል የትርሲት ሚዜ "እዩዋት እትዬ ዘቢደርን! አጥንት የላትም እንዴ!" እያለች በስልኳ ቀረጸቻት። የሚያጨበጭቡት እጆች አንዳንዶቹ ላሉ። አንዲት ሴትዮ አቅፋ ሳመቻትና አልለቅ አለቻት። "ምነው፣ እኔ አላገባሁ!" ብላ ዘቢደር ሳቀች። ያን ቀን ያልጎረሰችው ጉርሻ የለም። ሁሉም ያጎርሳት ነበር።

ከሠርጉ በኋላ መርዶው ለቅዳሜ ተቆረጠ። ዘቢደር ግን ማንንም ሳታማክር ከሆቴሉ ፈቃድ ጠይቃ፣ ቲኬት ቆርጣ፣ ሐሙስ ዕለት "ነገ ልጄን ላስቀር እሄዳለሁ" አለች። አድማሱ የያዘውን ሹካ አስቀመጠ። እታገኝ ወጥ ቤት ጠራችውና በሩን ገፋ አደረገችው።

"ያ ልጅ እዚያ አለ አይደል? እሱ ይንገራት።"

"ወርቁ?"

"አዎ። መቃብሩን በዓይኗ ታየዋለች፤ ይወጣላታል። እኛም ከዚህ ነገር እንገላገላለን።"

አድማሱ ለወርቁ ደወለ። "እህቴ ትመጣለች፤ ተቀበላት" አለው። ታውቃለች ወይስ አታውቅም፣ አልነገረውም። ወርቁም አልጠየቀም፤ እናት ስለ ልጇ ሳታውቅ እዚያ ድረስ ትመጣለች ብሎ ማን ያስባል?

ኤርፖርት ያደረሳትም አድማሱ ነው። መንገዱን ሁሉ አንገቱን ሳያዞር ድራይቭ አደረገ። አንዴ "ዘቢዱ" አላት።

"ወዬ።"

"ውሃ... ብዙ ውሃ ጠጪ። በረሃ ነው።"

ሻንጣዋን አውርዶላት፣ "አንድ የአገር ልጅ ወደቡ ጋ ይቀበልሻል" ብሏት፣ ግንባሯን ስሞ ተመለሰ።

ወርቁ ወደቡ ጋ ሲመጣ ከሩቅ አወቃት። ፊቱን በሻሽ የጠቀለለ፣ እጁ በዓሣ ቢላ የተተለተለ ቀጭን ልጅ ነው። ሻሹን ከአፉ ዝቅ አደረገና ጎንበስ ብሎ ትከሻዋን ሳማት።

"እግዜር ያጽናዎት፣ እትዬ።"

ዘቢደር አሸዋውን ከዓይኗ ጠርጋ አየችው።

"በምኑ ነው የሚያጸናኝ?"

ወርቁ ያን ጊዜ ሹሩባዋን አየ። ቀለም ያለው ቀሚሷን አየ። መጀመሪያም አይቶት ነበር፤ አሜሪካ ጥቁር አይለበስ ይሆናል ብሎ አለፈው እንጂ።

"ጋሼ አድማሱ... አልነገሩዎትም?"

"ምኑን?"

"ሻንጣውን ይስጡኝ እትዬ፤ ነፋስ ነው፣ ቤት እንግባ።"

"አንተ ልጅ፣ ልጄ የታለ?"

ወርቁ ዞር ዞር አለ። የሚረዳው ሰው አልነበረም። ወጣቶች ጀልባ እየገፉ ይጮኻሉ፤ አህዮች በጋሪ ዓሣ ይጎትታሉ።

"ከፋሲካ በፊት ነው" አለ። "ጀልባዋ ብዙም አልራቀች። ባሕሩ መልሶ አወጣቸው። ያወቅሁት እኔ ነኝ። ያጠብኩትም እኔ ነኝ፣ እትዬ፤ ሌላ ሰው አልነካውም።"

ሻንጣው ላይ ቁጭ አለች።

"ከፋሲካ በፊት?"

"አዎ። ለጋሼ አድማሱ የዚያኑ ዕለት ደወልኩ።"

አሸዋው ጫማዋን መሸፈን ጀመረ።

"እኔ እኮ ጨፍሬያለሁ" አለችው።

ወርቁ ምን እንደምትል አልገባውም።

መቃብሩ ከከተማው ውጭ፣ ከባቡሩ ሐዲድ ማዶ ነው። አጥር የለውም። ባሕር ያወጣቸው የሰው አገር ልጆች የሚቀበሩበት ቦታ ነው። ወርቁ በተሰበረ የጀልባ እንጨት ላይ በቀለም ስሙን ጽፎ ተክሎለት ነበር። ሲደርሱ እንጨቱ የለም፤ ሰው ለማገዶ ወስዶታል። አፈሩንም ነፋሱ ጠርጎ አስተካክሎታል። ወርቁ ወዲያና ወዲህ ተመላለሰ፣ ባቡሩን አየ፣ ባሕሩን አየ፣ ራሱን ያዘ።

"የቱ ነው?" አለችው።

"እዚህ ጋ ነበር... ወይ እዚያኛው። ሦስቱም ባንድ ቀን ነው የተቀበሩት።"

"ወስን።"

"እትዬ፣ እንዳላሳስትዎ..."

"ወስንልኝ። አንዱን በለኝ።"

ወርቁ መሐለኛውን አሳያት። "ይሄ ነው" አለ። እንደማያውቅ አወቀች። ቢሆንም ሄዳ ተንበረከከችበትና አለቀሰች። ከቀሩት ከሁለቱ አንዱ ውስጥ ከሆነ እንዳይቀርበት ብላ ተነስታ እነሱም ላይ አለቀሰች። ሹሩባዋን ፈትታ፣ ከወርቁ ቢላ ተቀብላ ፀጉሯን ቆረጠችው። ነፋሱ ከእጇ ነጥቆ ወሰደው።

ማግስቱን ጃኬቱን ለወርቁ አለበሰችው። ልኩ ነው። ሊሸኛት መጥቶ፣ ወሬ እንደሚያወራ ሰው "እኔም በሚቀጥለው እሞክራለሁ፣ እትዬ። ቁጥርዎን ልያዝ? ክፉ ከገጠመኝ ለእናቴ የሚነግርልኝ ሰው ያስፈልገኛል" አላት።

"ቁጥሬን አልሰጥህም" አለችው። "መርዶ ነጋሪ አይደለሁም። ከፈለግህ በሕይወት እያለህ ራስህ ደውልላት።"

ከዋና ከተማው ከኑዋክሾት ለአድማሱ ደወለች።

"አገኘሽው?" አላት።

"አላገኘሁትም።"

በስልኩ ውስጥ ትንፋሹን ሰማች። ከዚያ "አይዞሽ፣ ተስፋ አትቁረጪ" አላት።

ሎስ አንጀለስ ተመልሳ ሥራዋን ቀጠለች። ራሷን በሻሽ አስራ ወጣች፣ ገባች። እታገኝ ወጥ ቤት ውስጥ ለባሏ "ያ ምን ዓይነት ሰው ነው! ሄዳለት እንኳ አልነገራትም! ዛሬ ጨዋ ልጅ ጠፋ" ስትል በግድግዳው በኩል ሰማቻት።

ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ መጡ። የእድሩ ሽማግሌ ጋሼ ብርሃነመስቀል፣ ቄሱ፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ሳሎኑን ሞሉት። የኋላውን ክፍል ሲያንኳኩ ዘቢደር ጥቁር ለብሳ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ወጣችና መሐላቸው ቆመች። ጋሼ ብርሃነመስቀል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄ፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ..."

"እርስዎ ይቆዩ፣ ጋሼ" አለቻቸው። "አድማሱ ይንገረኝ። ስልኩ የተደወለው ለሱ ነው።"

አድማሱ ወለሉን አየ። ሴቶቹ ለልቅሶ ያዘጋጁትን አፍ ዘጉ።

"ተናገር።"

"ፋኑኤል... አርፏል፣ ዘቢዱ።"

"መቼ?"

"እ?"

"መቼ ነው ያረፈው? ከሠርጉ በፊት ነው ወይስ በኋላ?"

"ዘቢዱ" አለች እታገኝ፣ "ሰው ፊት እንዲህ አይባልም።"

"አንቺን አልጠየቅሁም።"

ትርሲት ባሏን ተደግፋ በሩ ጋ ቆማለች።

"በፊት" አለ አድማሱ።

ዘቢደር ሻሿን ፈታች። በቢላ የተጨፈጨፈው ፀጉሯ ወጣ። ሁሉንም በየተራ አየቻቸው፤ ያጎረሷትን፣ ያጨበጨቡላትን፣ የቀረጿትን።

"ኦኬ" አለች። "አሁን አልቅሱ።"

ማን ይጀምር? ማንም አልጀመረም። በመጨረሻ ቄሱ ጸሎት አደረሱ፤ ሰዉ ያመጣውን ምግብ ጠረጴዛ ላይ ትቶ አንድ በአንድ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ከአድማሱ ቤት ልትወጣ ራቅ ብላ ቫን ናይስ ክፍል ፈለገች። ኪራዩን አልቻለችውም፤ መኪናም የላትም፤ ከዚያ ሳንታ ሞኒካ በአውቶቡስ መመላለስ አይሆንም። ከአድማሱ ጋር ስለዚያ ነገር ዳግም አልተነጋገሩም። እታገኝም እንዳልነበረ አድርጋዋለች። ትርሲት ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ ሥራ ስትሄድ ሕፃኑን ወላጆቿ ቤት ትተወዋለች።

ዛሬ ዘቢደር ካልቨር ሲቲ፣ አድማሱ ቤት የኋላ ክፍል ውስጥ ትኖራለች። ሆቴሉን ታጸዳለች፤ ዕረፍት በምትወጣበት ቀን የትርሲትን ልጅ ትጠብቃለች።