አምስት ጎማ የማን ተራ ነው?

ያን ጠዋት ጎተራዬን በእበት እየመረግሁ ነበር። እጄ እስከ ክርኔ እበት ነው። አያልነህ በአጥሩ ብቅ አለ። የቡሬ ሚኒባሶች ተራ አለቃ ነው፣ ዛሬም ነው።

«እትዬ እናኑ፣ መናኸሪያው ውስጥ ተራ አስከባሪ ይሁኑልን» አለኝ።

«እኔ መኪና አልነዳ፣ ፊደል አልቆጠርሁ፤ ምን ልሠራ?» አልሁት።

«መንዳትም ማንበብም አይደለም፤ መጮህ ነው። ወፍጮ ቤት ሲጮኹ ሰምቻለሁ። ወንዶቹን ብናስቆም እርስ በርሳቸው ተፈናከቱብን። እርስዎን ማን ይመታል?»

እጄን ታጥቤ ሄድሁ።

የዚያኑ ዕለት አንድ ሾፌር ተራ ዘሎ ፊት ገባ። በርጩማዬን ከመኪናው አፍንጫ ሥር አስቀመጥሁና ተቀመጥሁ። ጡሩንባውን ነፋ፣ ነፋ። «ንፋ የኔ ጌታ፣ ሰርግ አለብህ መሰለኝ» አልሁት። ሰዉ ሳቀበት፤ ወደ ኋላው ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በርጩማዬን ሲያዩ ነው የሚሰለፉ።

ሥራው ቀላል ነው የሚል መጥቶ ይሞክረው። ታርጋ ማንበብ ስለማልችል መኪናን የማውቀው በቁስሉ ነው። መብራቱ የፈሰሰ፣ በሩ በገመድ የታሰረ፣ መስተዋቱ ላይ የማርያምን ሥዕል የለጠፈ። ወገኑን ደግሞ በጎማው ነው የምለይ። ሦስት ጎማ ባጃጅ ነው፣ ወደ ቀኝ። አራት ጎማ ሚኒባስ ነው፣ ወደ ግራ። ስድስት ጎማ አውቶቡስ ነው፣ የራሱ በር አለው። በዚህ ስሠራ ኖርሁ፣ ማንም ተሳሳትሽ አላለኝ።

ዛዲያ አንድ ቀን አምስት ጎማ መጣብኝ።

ያመጣችው የጎረቤቴ የዘሐራ ልጅ ሰዓዳ ናት። ዘሐራ ጨርቅ ነጋዴ ነበረች፤ ሱቋን ሸጣ ነው ለልጇ የገዛችላት። መኪናይቱ ከፊት አንድ፣ ከኋላ አራት ጎማ አላት። አፍንጫዋ ባጃጅ፣ ወገቧ ሚኒባስ። በር የላት። በኤሌክትሪክ ስለምትሄድ ድምጥም የላት፤ እንደ ድመት ሳትሰማ መጥታ ከጀርባህ ትቆማለች። ተሳፋሪው ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ተያይቶ ይቀመጣል፣ ለቅሶ ቤት ነው የሚመስል።

«እማማ እናኑ፣ የት ልቁም?» አለችኝ ሰዓዳ።

ጎማ ቆጠርሁ። ዞሬ ደግሜ ቆጠርሁ። «እስቲ ወደ ግራ ሂጅ» አልኋት።

አያልነህ እየሮጠ መጣ። «ኧረ እትዬ! ይች በር አልባ ፍኖተ ሰላም ልትደርስ ነው? ባትሪዋ መንገድ ላይ ቢሞት በበሬ ልንጎትታት ነው? ባጃጅ ናት፤ መሪዋ እንደ ባጃጅ መሆኑን አያዩም?»

ወደ ቀኝ ላክኋት። የባጃጆቹ አለቃ ሙጬ ደግሞ እጁን ዘርግቶ ቆመ። «ይች እኮ አሥር ሰው በአንድ ጉርሻ የምትውጥ ናት! እኛ ሦስት ሦስት ስንለቅም እሷ መሶቡን ታንሳ? ሚኒባስ ናት፣ ወደዚያ!»

«በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» አልሁ። «ይች ግን አጎትም አጣች።»

ስትንከራተት ዋለች። ባዶ ቦታ የተገኘው የሽንት ቤቱ አጥር ሥር ብቻ ነው፤ ሰዓዳ እዚያ አቆመቻት። ይህም ጣጣ አመጣ። የሽንት ቤቱ ሰልፍና የመኪናይቱ ሰልፍ ተቀላቀለ። አንድ ሽማግሌ ከዩኒቨርሲቲው ካምፓስ በር ላይ ሲወርዱ «ልጄ፣ እኔ እንኳ ለሽንት ነበር የመጣሁ፤ ሰዉ ሲገባ ገባሁ» አሏት። መልሳ አመጣቻቸው፤ እየበረረች ነው።

ሳምንት ሳይሞላ ከትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት አንድ ልጅ መጣ። ደግ ልጅ ነው፣ ነገር አያከብድም።

«እማማ፣ ወገኗ ካልታወቀ ተራ የላትም። ተራ ከሌላት ሰው መጫን አትችልም። እስከ ቅዳሜ ካልተስማማችሁ ከመናኸሪያው ትወጣለች» አለ።

የሰዓዳ ፊት አመድ መሰለ። የእናቷ ሱቅ ሄዷል፤ መኪናይቱ ደግሞ ግቢ ውስጥ ቆማ ዶሮ ማሳደሪያ ልትሆን ነው።

«አንተ ተምረሃል፤ ምንድን ናት በለን እንጂ» አልሁት።

«እኔም ግራ ገብቶኛል» አለና ስልኩን አውጥቶ የሰው አገር ነገር አሳየኝ። አንድ ረጅም ባቡር አስፋልት ላይ ይሄዳል። ጎማው እንደኛው መኪና ጎማ ነው፣ ሐዲድ የለው።

«ሐዲዱን ማን ሰረቀው?»

«ከመጀመሪያውም የለውም፣ እማማ። መንገዱ ላይ የተቀባ መስመር አለ፤ እሱን እያየ ይከተላል።»

«እኛ ዘንድማ አንዲት በቅሎ ፋንድያ ጣል ካደረገችበት ጠፋ በለኛ!»

ልጁ ሳቀ። «ያገሩ ሰዎች ይህንንም ገና አልተስማሙበትም። አንዱ ባቡር ነው ይላል፣ ሌላው ረጅም አውቶቡስ ነው ይላል።»

ደስ አለኝ። የባቡር አገር ሰውም እንደኔ ዞሮ ዞሮ ጎማ ይቆጥራል ለካ።

በእኛ አገር ወፍጮ ቤትም ሆነ ቧንቧ፣ ሰው ቆሞ አይውልም። ድንጋይ አስቀምጦ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል፤ ድንጋዩ ሰውየው ማለት ነው። የሰው ተራ ድንጋይ መንካት ድንበር እንደ መግፋት ነው። መናኸሪያ ውስጥ ግን ድንጋይ ተቀምጦ አላየሁም። ሚኒባስም ባጃጅም ድንጋይ አይጠብቅ።

ቅዳሜ ስደርስ የሽንት ቤቱ አጥር ሥር ተደርድሯል። ድንጋይ፣ ጃንጥላ፣ እግሯን የታሰረች ዶሮ፣ ደግሞ ድንጋይ። ማንም አልነገራቸው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የሚሠሩት ልጆች፣ ለካምፓሱ ድንች የሚያደርሱት ሴቶች፣ አሮጊቶቹ ናቸው ያስቀመጡ። እኛን አሮጊቶቹን ሚኒባስ ላይ ረዳቱ ከኋላ እንደ ጤፍ ማዳበሪያ እየገፋ ነው የሚያስገባን። ይች ዝቅ ያለች ናት፣ ሰው ራሱ ይወጣባታል።

ልጁ መጣ፤ አያልነህና ሙጬም መጡ።

«ይህ ሁሉ ምንድን ነው?» አለ ልጁ።

«ምን ይሆናል፣ ቆሻሻ ነዋ!» አለና አያልነህ የፊተኛዋን ድንጋይ በእግሩ ገፋት።

«ኧረ ምነው!» የሚል ድምጥ ከሽንት ቤቱ በር መጣ። ነጠላቸውን እያስተካከሉ የወጡት የአያልነህ አማት ናቸው።

ሙጬ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

«አቶ አያልነህ፣ ድንጋይቱ ምን አደረገችዎ?» አሉት አማቱ። በእኛ ዘንድ አማት አማቿን አንቱ ነው የምትል፤ ያን ቀን ግን አንቱታው ከስድብ ይብስ ነበር። «በሚኒባስዎ እንዳልሄድ ጉልበቴ እምቢ አለኝ። በዚችም አይሂዱ ካሉኝ ምን አደርጋለሁ፤ እርስዎ ቤት እከርማለሁ።»

አያልነህ ጎንበስ ብሎ ድንጋይቱን በሁለት እጁ አነሳት። አቧራዋን ጠረገና ቦታዋ መለሳት። «ይሂዱ እንጂ እማዬ፣ ማን ከለከለዎት?» አለ፣ እየተንተባተበ።

ልጁ ወደ ሁለቱ አለቆች አየ። «እንግዲህ ሦስተኛ ተራ ትሁና» አለ። ሁለቱም «ትሁን» አሉ።

«ስሟስ?» አልሁት።

«ስሟ ይቆይ፣ እማማ። ሰዉ ግን ተሰልፏል።»

በርጩማዬን አንስቼ እዚያ ወሰድሁ። ሰዓዳ አማቲቱን ፊት ጫነች።

አሁን ደክሞኝ በርጩማውን ለሌላ ሴት አስረክቤያለሁ። የነገርኋት ይህን ብቻ ነው፤ አዲስ መኪና ሲመጣ ጎማ አትቁጠሪ፣ ሰዉ የት ቆሞ እንደሚጠብቃት እይ፣ ተራዋ እዚያ ነው።

ያን ቅዳሜ ወደ ቤቴ ስመለስ ዘሐራ በአጥሯ ላይ ጠራችኝ።

«እናኑ፣ አላህ ይስጥሽ፣ ልጄ ተራ አገኘች» አለችኝ። «ግን ያገኘኝ ሁሉ ልጅሽ ምን ትነዳለች ይለኛል። ሽንት ቤቱ ጋ የምትቆመዋን እያልሁ እስከ መቼ? ወይ ስም አውጭላት፣ ወይ ሽንት ቤቱን አስነሽልኝ!»