ኡዶ ሥራ ይግባ ወይስ ይቅርበት

ኡዶ ጎረቤቴ ነው። ጀርመን አገር፣ ጌልዘንኪርሸን ከተማ ውስጥ አንድ ሕንፃ ላይ እንኖራለን፤ እኔ ምድር ቤት፣ እሱ ሦስተኛ ፎቅ። ይሠራበት የነበረው የመስታወት ፋብሪካ ከተዘጋ ወዲህ የሚኖረው በሥራ አጥ ድጎማ ነው። ሰነፍ የሚለው ካለ ከእኔ ጋር ይጣላል። ሃምሳ ሰባት ዓመት የሞላውን ሰው ማን ይቀጥረዋል?

ባለፈው መጋቢት ግን የከተማው ባቡር፣ የትራሙ ጋራዥ ለሥራ ጠራው። ሥራው ከጠዋቱ ግርግር የሚመለሱትን ትራሞች መጥረግና ማጠብ ነው። እስከ ዓርብ ቀትር መልስ ስጥ አሉት። ደስ ብሎት ሊነግረኝ ወርዶ ገና ሳይጨርስ እህቱ ጊዜላ ደረሰች። ጊዜላ በሒሳብ አትቻልም። እዚያው የእኔ ኩሽና ተቀምጣ ደሞዙን ይዛ፣ የሚቋረጠውን የቤት ኪራይ ድጋፍና ሌላውን ሁሉ ቀናነሰች።

"ይኸው፣ በወር መቶ ሃምሳ ዩሮ ትርፍ። ለዚች ብለህ ወገብህን ልትሰብር?"

"የትራም ቲኬትም ቀንሰሻል እንዴ? ትራም እያጠብኩ ለትራም ልከፍል?"

"በነጻ ትሳፈራለህ ያለህ አለ?"

"አልጠየቅኩም።"

"አየህ! ከእጅ አይሻል ዶማ ማለት ይሄ ነው። ደግሞ በሁለት ወር ቢያባርሩህስ? እንደገና ወረፋ፣ እንደገና ልመና።"

የሚያናድደው እውነቷን መሆኑ ነው። እኔ ሥራ ግባ ማለት ፈልጌ ነበር፤ ግን በምን አፌ? ወገቡ የእሱ እንጂ የእኔ አይደለም። ኡዶም ፊቱን አጥቁሮ ወጣ። ከዚያ በኋላ ባገኘሁት ቁጥር፣ "ጊዜላ ልክ ናት መሰለኝ" ይለኛል፤ ቀጥሎ ደግሞ፣ "ግን እኮ ጠሩኝ" ይላል።

ዓርብ ጠዋት ደረጃው ላይ የባልዲ ድምፅ ሰማሁ። በእኛ ሕንፃ ደረጃ የሚጸዳው በተራ ነው። ተረኛው በር ላይ ትንሽ የእንጨት ሰሌዳ ይንጠለጠላል፤ ያጸዳ ሰው ወደሚቀጥለው በር ያሻግራታል። ኡዶ ሥራ ከፈታ ወዲህ ግን ሰሌዳዋ እሱ በር ላይ ከረመች። ያኛው እንግዳ አለብኝ ይላል፣ ይቺኛዋ ጉንፋን ይዞኛል ትላለች፤ እሱም እሺ ይላል። ስንት ጊዜ ተቆጥቼዋለሁ፤ እሱ እቴ!

በሬን ከፈት ሳደርግ ብሪጊተ፣ ከእሱ ፊት ለፊት የምትኖረው፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ስትወርድ አየኋት። ኡዶ መወልወያውን ይዞ አጎንብሷል።

"ኡዶዬ፣ የሚቀጥለው ተራ የእኔ ነበር፤ ሰሌዳዋን ግን እዚያው አንተ በር ላይ ትቻታለሁ። አትቀየመኝም አይደል? አንተ እንደሆን ቤት ነህ፤ እኛ የሥራ ሰዎች ደግሞ…"

ክፋት የላትም፤ አፏ ነው። ኡዶ ግን ቀና አለ። እንዲህ ሲቀላ አይቼው አላውቅም።

"ብሪጊተ፣ ይሄ ሁሉ ደረጃ ምንድነው? ሥራ አይደለም?"

"እንዴ፣ ምን አልኩህ?"

"ለካ ሳጸዳ የከረምኩት በነጻ ነው! መቶ ሃምሳ ዩሮ አነሰኝ ብዬ ደግሞ እንቅልፍ አጣለሁ!"

መወልወያውን እጇ ላይ አስጨብጧት ሽቅብ ወጣ። እሷ በዚያ በሚያምር ካፖርቷ መወልወያ ይዛ ቀረች። እኔ ሳቄን መያዝ አልቻልኩም፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ከላይ ስልክ ሲያናግር ድምፁ ይሰማል። "አዎ፣ ኡዶ ነኝ። ሰኞ እመጣለሁ። ቆይ፣ አንድ ጥያቄ፤ ትራሙ ለሠራተኛ ነጻ ነው?"

ነጻ ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት አደቀቀው። ወንበር ሥር የተለጠፈ ማስቲካ ሲፍቅ እንደዋለ፣ ወገቡ እንደሚቆጠቁጠው፣ አለቃው ጨቅጫቃ እንደሆነ በየቀኑ ይነግረኛል። ይማረራል፤ ግን የሚማረረው ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው። እኔም መስማቱ ደስ ይለኛል።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ጊዜላ መጥታ በሩን ደበደበች። መልስ የለም። ቢጨንቃት ጠራችኝና አብረን አንኳኳን።

"ኡዶ! ታመምክ እንዴ?"

ከውስጥ አልጋው ሲጢጥ አለ።

"ተዪኝ እንጂ ጊዜላ! ቅዳሜ እኮ ነው፤ ዛሬ ዕረፍቴ ነው!"