ሱገንግ ያልሳለው ወንዝ

ሱገንግ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በጃቫ ደሴት በሴማራንግ ከተማ ጂኦግራፊ አስተማረ። የአገሩን ደሴቶች ዓይኑን ጨፍኖ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይስላቸው ነበር፤ እግሩ ግን ከጃቫ ወጥቶ አያውቅም። ሚስቱ በሞተች በዓመቱ ጡረታ ወጣና የአገሪቱን ብሔራዊ ፓርኮች ክልል በክልል ሊያዳርስ ተነሣ። ከጃቫ ጀመረ፤ ሱማትራን ጨረሰ፤ በካሊማንታን ወንዞች ላይ ሦስት ሳምንት በጀልባ ሰነበተ። በሄደበት ሁሉ መንገዱን በደብተሩ እየሳለ ለቀድሞ ተማሪዎቹ ይልክላቸዋል። ሱላዌሲ ሲደርስ ከትልልቆቹ ደሴቶች የቀረችው ፓፑዋ ብቻ ነበረች።

በሱላዌሲ ተራሮች የመራው ዮፒ የሚባል የካካዎ ገበሬ ነው። ገና ሠላሳ አራት ዓመቱ፣ ጨዋታ አዋቂ። አስተማሪነቱን ስለሰማ «ፓክ ጉሩ»፣ አባባ መምህር፣ እያለ ይጠራዋል። ሱገንግ በየመቶ ርምጃው ቆሞ የዛፎችን ስም እየጠራ ሲጽፍ፣ «ፓክ ጉሩ፣ ዛፎቹ ፈተና አለባቸው እንዴ? አንድ በአንድ ስማቸውን ይጠራሉ» ይለዋል።

በሦስተኛው ቀን ሱገንግ የአኖአ ኮቴ አየ። አኖአ ከዚያ ደሴት በቀር የትም የማይገኝ ድንክ ጎሽ ነው። ዮፒ ግን ሰማዩን እያየ፣ ዝናቡ ከመጣ አፈሩ እንደሚናድ፣ ቢመለሱ እንደሚሻል ነገረው።

«አንድ ሸንተረር ብቻ» አለ ሱገንግ።

ዮፒ ከእንግዳ ጋር መከራከር ነውር ሆነበትና ቀድሞ መራ። ሸንተረሩ ላይ እንደወጡ ዝናቡ ወረደ፤ መሬቱም ከእግራቸው ሥር ከዳቸው። ሱገንግ የዛፍ ሥር ጨብጦ ተረፈ። ዮፒን ከታች ከጭቃው ሲጎትተው ጭኑ ተሰብሮ ነበር።

ሁለት ቀን አንድ ቋጥኝ ሥር ተጠልለው ቆዩ። ስልኩ ውኃ ገብቶበት ሞቷል፤ ሩዙ አልቋል፤ የዮፒ ገላ እንደ ምድጃ ይፋጃል። በሦስተኛው ጠዋት ዮፒ፣ «ሁለታችንም እዚህ ከቀረን ማን ይናገራል? ወንዙን ይዘው ይውረዱ። ባለቤቴን ኖርቺን ያገኟታል፤ ወንድሟን ትልካለች» አለው። ሱገንግ ሸራውን ወጠረለት፤ ክብሪቱንና የቀረውን ብስኩት ሰጠው። ዮፒ ግማሹን ብስኩት መለሰለት። የሚሄድ ሰው ነው መብላት ያለበት ብሎ።

ወንዙ ከሌላ ወንዝ ጋር ተቀላቀለ፤ ያም ከሌላ። ሱገንግ ደራሽ ውኃ ሲመጣበት ሸሸ፤ ተሻገረ፤ ወደቀ፤ ደብተሩንም ውኃ ወሰደው። በአራተኛው ቀን ሸምበቆ ቆራጮች በእንብርክኩ ሲሄድ አገኙትና ወደ ዮፒ መንደር ጤና ጣቢያ አደረሱት።

ኖርቺ ወደ ጤና ጣቢያው መጣች። አላለቀሰችም። ከየትኛው ወንዝ እንደወረደ ብቻ ጠየቀችው። ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥታ ጉልበቱ ላይ አኖረችለት።

«አስተማሪ ነዎት አሉ። ይሳሉልኝ።»

አንድ ወንዝ ሣለ። ከጎኑ ሌላ ሣለ። ከዚያ እጁ ቆመ።

የመንደሩ ሰው ሁሉ አሥራ ዘጠኝ ቀን ፈለገ። ሱገንግም እያነከሰ አብሮ ወጣ፤ ድምፁ እስኪዘጋ ተጣራ። ሸለቆው ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር፣ ናዳውም መልኩን ለውጦታል። ሰዎቹ ተስፋ ቆርጠው ወደ እርሻቸው ተመለሱ። የሱገንግ ልጅ አባቷን ወደ ቤት ለመመለስ በስልክ ብትለምን፣ ብታለቅስ፣ አልሰማ አላት። በመንደሩ አንዲት ክፍል ተከራየ፤ ዝናብ ባባራ ቁጥር ከኖርቺ ወንድም ከሄርማን ጋር ይወጣል። ኖርቺ መንገድ ላይ ስታገኘው ፊቷን ታዞራለች፤ እሱም አይፈርድባትም።

በሁለተኛው ዓመት ሄርማን ከአንድ ቋጥኝ ሥር የሸራ ቅዳጅ አየ። የዮፒ ገጀራም አለ፤ አጥንቱም። ከጎኑ ደጋግሞ እሳት የነደደበት አመድ ተቆልሏል፤ የተላጡ የሣር ሥሮች ዙሪያውን ተበትነዋል። ሄርማን አመዱን በእንጨት እየቆፈረ ሲያየው ቆየና፣ «ብዙ ቀን ነው የቆየው» አለ። ሱገንግ፣ ዮፒ በተለያዩበት ዕለት ሞቶ ቢሆን ኖሮ ብሎ ተመኘ፤ ምኞቱ ደግሞ መልሶ አስፈራው።

ከቀብሩ በኋላ ኖርቺ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ክፍሉ መጣች። ቁጭ በይ ቢላት እንቢ ብላ በሩ ላይ ቆመች።

«ሲለዩት ምን አሉት?»

«እመለሳለሁ አልኩት።»

«አመነዎት?»

«አዎ።»

ዮፒ ሰው ማመን ቀላል ይሆንለት እንደነበር፣ እሷ ሁልጊዜ በዚህ እንደምትቆጣው፣ ለራሷ የምታወራ ይመስል ተናገረች። ከዚያ ቀና አለች።

«አሁን አገርዎ ይግቡ፣ ፓክ። እርስዎን ሳይ እሱም ከኋላዎ የሚመጣ ይመስለኛል።»

ሱገንግ በማግስቱ ልብሱን ሸክፎ ወደ ፓሉ ከተማ የሚወርደው አውቶቡስ ላይ ወጣ። ሄርማን ሻንጣውን ተሸክሞ ሸኘው።