ያላበበው እንሰት

«ማን ጥራቸው አለህ?» አለች እናቴ።

አባቴ የሽመና ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ እግሮቹ ጉድጓዱ ውስጥ፣ እጆቹ ባዶ። ማንንም አልጠራሁም፣ ራሳቸው ናቸው የመጡት አለ። ውሸቱን እንደሆነ ሦስታችንም አውቀናል። ወደ ጓሮ ከሚያወጣው በር ውጭ ሁለት የጎረቤት ሴቶች ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። እያንዳንዳቸው እንሰት የሚፍቁበትን የቀርከሃ መፋቂያቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል። መፋቂያ ይዞ እንዲያው ለወሬ ብቅ የሚል ሰው የለም።

«ራሳቸው ከመጡ ራሳቸው ይመለሳሉ» አለች።

«እንሰቱ ግን አይመለስም» አለ አባቴ።

ጠቡ የዚያን ጠዋት አልተጀመረም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ተጀምሮ፣ አንዴ እየበረደ አንዴ እየሞቀ እዚያ ደርሶ ነበር። ሁላችንም ደክሞናል። ስንጣላ እንኳ ድምፅ የምናሰማበት አቅም አጥተን፣ የታመመ ሰው የተኛበት ቤት ይመስል ዝግ ብለን ነበር የምንጨቃጨቀው።

ቤታችን ሽሮ ሜዳ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ላይ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። ጓሮው ጠባብ ነው። ባጥሩ ሥር ጌሾ፣ በር አጠገብ ጤና አዳም፣ ከዚያ ጥቂት መደብ ጎመን፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ያ እንሰት። ቅጠሎቹ ከጣሪያው በላይ ወጥተው ነፋስ በመጣ ቁጥር ቆርቆሮውን ይጠርጉታል። የተከለው ታላቅ ወንድሜ ነው። እናቴ ከአገሯ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ፣ አውቶቡስ ውስጥ እንደ ሕፃን አቅፋ ያመጣችውን ችግኝ ተቀብሎ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ ተከለው። ያኔ ቁመቱ ከጉልበቱ አያልፍም። እንሰት በኛ ሰፈር ብርድ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ወንድሜ ጢም ሲያወጣ እንኳ እንሰቱ በቁመት ገና አላለፈውም ነበር። በኋላ ወንድሜን ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። ወደ ሰሜን ሄደ፤ ከዚያም ወሬው ጠፋ። እናቴ በሄደ ማግሥት፣ እሱ ሳይመለስ ይህን እንሰት ማንም አይነካውም አለች። ያኔ ከባድ ነገር የተናገረች አልመሰለንም። ቶሎ የሚመለስ መስሎን ነበር።

እንሰት በዕድሜው አንድ ጊዜ ያብባል፤ አብቦም ይሞታል። አበባውን ለማውጣት ከግንዱና ከሥሩ ያለውን ሁሉ ስለሚስብ፣ ቆጮ ይሆን የነበረው አልቆ የሚቀረው ውሃና ቃጫ ነው። ስለዚህ የአገራችን ሴቶች ሊያብብ ሲል ቀድመው ይቆርጡታል። እንሰት ያበበባት ሴት ወይ ታማለች ወይ ሰንፋለች ተብላ ትታማለች። ሌላም ሥርዓት አለ። መትከሉ የወንድ፣ መቁረጡና መፋቁ የሴት ነው። ሲፋቅ ወንድ አይጠጋም፤ ማየትም አይፈቀድለትም። አባቴ በቀበሌ ስብሰባ ስለ ወንድና ሴት እኩልነት በተነገረ ቁጥር ሲያጨበጭብ የኖረ ሰው ነው። ሆኖም ገጀራ ይዞ ወደዚያ እንሰት መሄድ በሐሳቡም አልመጣለትም። እናቴ እሺ ካላለች እንሰቱ ቆሞ ይሞታል እንጂ ሌላ መንገድ የለም።

ሊያብብ መሆኑን የሚያሳየውን ምልክት መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ያን ሰሞን የውትድርና አፈሳ አለ ስለሚባል ከቤት አልወጣም። ጓሮ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያልኩ ግጥም እሞክራለሁ፤ ከማየው ሌላ የምጽፈው ስለሌለኝ አብዛኛው ግጥሜ ስለ ጎመን ሆኖ ቀርቷል። አንድ ቀን ከእንሰቱ መሃል የወጣው አዲስ ቅጠል ከሌሎቹ አጥሮና ጠቦ አየሁት። ቀጥሎ የወጣው ደግሞ ከሱም ያነሰ ነበር። እራት ላይ ተናገርኩ። አባቴ ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ፤ እናቴ መሶቡን ከደነች።

ለአባቴ ነገሩ ግልጽ ነው። የሸማኔዎች ማኅበሩ ክር መስጠት ካቆመ ቆይቷል፤ መወርወሪያው መስኮት ላይ አቧራ ለብሷል። ከቀበሌ የምናገኘው ጤፍ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። ጓሮ የቆመው ግን የብዙ ወር ቀለብ ነው። እናቴ ያብብ አለች። ያብብ፣ ያፍራ፣ ዘሩን ለቅሜ እተክለዋለሁ። ከዘር የበቀለ እንሰት እሷ አይታ አታውቅም። እናቷም አላየችም።

እኔ ደግሞ አበባውን ለማየት ጓጉቼ ነበር። ከአዲሱ ገበያ በርበሬ ተጠቅልሎበት የመጣ የመማሪያ መጽሐፍ ገጽ አለኝ። እንዲህ ያሉትን አራግፌ፣ አስተካክዬ ፍራሽ ሥር እያኖርኩ አነባለሁ፤ ትምህርት ቤቴ እሱ ነበር። ገጹ ስለ አበባ ነው የሚያወራው። የወንዴው ብናኝ በንብ ወይም በነፋስ ተጉዞ ሴቴው ላይ ሲያርፍ ዘር ይያዛል፤ ዘሩም ከሁለቱም ወስዶ ሁለቱንም የማይሆን አዲስ ነገር ይሆናል ይላል። ከሙዝ ዘመዶች አንዳንዶቹን የሌሊት ወፍ እንደሚጎበኛቸውም ይናገራል፤ ከዚያ በታች ተቀድዷል። የኛን ማን ሊጎበኘው እንደሚመጣ ሳስብ ስንት ቀን አሳለፍኩ። ንቦቹ ጤና አዳሙ ላይ ነበሩ፤ ወደ ላይ ቀና ብለው አያዩትም።

እንግዲህ ያን ጠዋት፣ እናቴና አባቴ ተፋጥጠው ሳሉ፣ ከውጭ ካሉት ሴቶች አንዷ ድምፅዋን አሰማች።

«እናንተ ቤቶች፣ እንቁረጠው ወይስ እንዳረው?»

ሌላዋ ሳቀች። አባቴም ከንፈሩ ላይ የመጣውን ሳቅ ዋጠው። እናቴ ግን ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ አንብበሃል። ዘሩን ብተክለው ይሄንኑ ይሆናል?»

አባቴ አየኝ። አይሆንም አልኳት። ዘር ልጅ ነው፤ ማን ላይ እንደሚወጣ አይታወቅም። ከሥሩ የሚያቆጠቁጠው ግን ልጅ አይደለም፣ ራሱ ነው። አያቴ ጓሮ ያለውም፣ አንቺ አቅፈሽ ያመጣሽውም፣ ወንድሜ የተከለውም አንድ እንሰት ነው፤ ሲቆረጥ ሲተከል እዚህ ደረሰ እንጂ ሞቶ አያውቅም። ካላበበ ከሥሩ ቆርሰን እንቀብራለን፤ ዕድል ከቀናን ያው ራሱ ተመልሶ ይመጣል። ይህን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ተናገርኩ። አነጋገሬ ለራሴ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለግጥም ይሆናል እያልኩ ሳይጠፋኝ ለመያዝ በልቤ ደገምኩት።

እናቴ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«እሺ፣ እንሰቱስ ሥር አለው» አለች። «የወንድምህን ሥር ከየት ላምጣ?»

 

አባቴ እግሮቹን ከጉድጓዱ አወጣ። እስከዚያ ቀን ድረስ የሚከራከራት ስብሰባ ላይ በለመደው አማርኛ ነበር። አሁን ግን በአገራቸው ቋንቋ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ሲመጣ ርቦት ነው የሚመጣው። ምን ልታቀርቢለት ነው? አበባ?»

 ቆጮ በቅጠል ተጠቅልሎ፣ ድንጋይ ተጭኖት ጉድጓድ ከገባ ዓመት አልፎ ዓመት እንደሚቆይ፣ ሲቆይም እንደሚጣፍጥ እሷ ለሱ ልትነግረው የሚገባውን እሱ ለሷ ነገራት። ያበበ እንሰት ግን ማንንም አይጠብቅም አላት። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ አሻሸ።

 እናቴ ተነስታ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ከምድጃው በላይ ግድግዳው ላይ የተሰካውን የራሷን መፋቂያ አውጥታ ጥላሸቱን በመዳፏ ጠረገች። ወንድሜ ከሄደ ወዲህ ከዚያ ወርዶ አያውቅም።

«የሱ ድርሻ ጉድጓዱ ለብቻው ነው» አለች። «ጎመኑን ነቅላችሁ እናንተ ትቆፍራላችሁ። እሱ ሳይመጣ አይከፈትም። ራበን አትበሉኝ።»

አባቴ እሺ አለ። እኔም እሺ አልኩ።

«አንተም አበባ አበባ እያልክ በቀዳዳ እንዳታይ» አለችኝ።

ወጣች። ሴቶቹ ከድንጋዩ ሲነሱ ታዩኝ፤ የቀለደችው ሴት እጇን እናቴ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችላት። እናቴም ዝናብ ያሳበጠው በር አልገጥም ቢላት በጉልበቷ ገፋ አድርጋ ዘጋችው።