የመኪያ ቆርቆሮ

ዲላ ውስጥ የማያፈስ ጣሪያ ካየህ ወይ እኔ ያለበስኩት ነው፣ ወይ እኔ ያስተማርኩት ሰው ያለበሰው ነው። ጉራ አይደለም፣ ጠይቅ። ሲሞን አናጢው በላቸው። ፊደል አልቆጠርኩም፣ ግን መንገድ ላይ ቆሜ ቀና ብዬ የትኛው ምስማር እንደላላ እነግርሃለሁ። ይርጋጨፌ ያንን ትልቁን የቡና ማጠቢያ ጣሪያ ስንመታ ንፋስ አንስቶ ከነቆርቆሮው ወረወረኝ፤ ቡና ገለባ ክምር ላይ አረፍኩ፣ ተነሥቼ ሥራዬን ቀጠልኩ። ዛሬ ዝናብ ሊመጣ ሲል የሚነግረኝ ያ ጉልበቴ ነው። ሬዲዮ አያስፈልገኝም።

ብቻ እሱን ተወው። ስለ መኪያ ነው የጠየቅከኝ።

መኪያ የኸድሩ ሚስት ናት፤ አላህ ይማረውና ኸድሩ ነጋዴ ነበር። ከስልጤ ሙሽራ አድርጎ አመጣት። ያኔ ገና ልጅ ነበረች፣ አማርኛዋ እንደኔው የተሰባበረ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከጌዴኦኛ እየቀላቀልኩ ሳወራት እየሳቀች ትመልስልኛለች። ቤታቸውን ያለበስኩት እኔ ነኝ። የመጨረሻውን ምስማር መትቼ ልወርድ ስል መሰላሉ ተነቃነቀ። ሳይ እሷ ናት፣ ቀሚሷን ሰብስባ እየወጣች።

«ምን ሆንሽ አንቺ?»

«የምኖርበትን ከላይ ልየው ብዬ ነው።»

ሰፈሩ በሙሉ አፉን ከፈተ። ኸድሩ ግን ከታች መሰላሉን ይዞ ይስቃል። መኪያ ማለት እንዲህ ናት። የሚያገባትን ነገር እስከ ጫፉ ሄዳ ታየዋለች። በረንዳዋ ላይ ስኳርና ጨው፣ ሳሙና፣ ላስቲክ ምናምን ትሸጣለች፤ ስትመዝን ሚዛኑ እኩል ከሆነ በኋላ ትንሽ ቆንጥራ ትጨምርልሃለች። ካንተ ግን ቁንጥር አትወስድም። አንድ ቀን እናቴ እንደሞተች ሰሞን... ይቅር፣ እሱ ረጅም ነው።

ኸድሩ አንድ ልማድ ነበረው። ከአዲስ አበባ ዕቃ ሲያስመጣ በጭነት መኪናው ላይ ከሰው ዕቃ እንዳይቀላቀልበት የራሱን ጫፍ ቀይ ቀለም ያስነካዋል። ጆንያም ይሁን፣ ቆርቆሮም ይሁን። የዚያ ቤት ቆርቆሮ ሁሉ ጫፉ ቀይ ነው። ይቺን ያዛት፣ ኋላ ትፈለጋለች።

በረዶው የወረደው መጋቢት ላይ ነው፤ ረመዳን ነበር። ከሰዓት በኋላ ጉልበቴ ነገረኝ። ዝናብ መስሎኝ ነበር። የዶሮ እንቁላል ያክላል ብልህ ውሸታም ትለኛለህ፤ የእርግብ እንቁላል ያክላል። ሰማዩ ድንጋይ የሚደፋ ገልባጭ መኪና ሆነ። የጎረቤት ጩኸት እንኳ አይሰማም። ሲያቆም መንገዱ ነጭ ነው፣ የጓሮው እንሰት ቅጠሉ ተተልትሎ ወድቋል፣ የቡናው አበባ መሬት ላይ ነው። የሁላችንም ጣሪያ ተመታ፤ የመኪያ ግን ያረጀ ስለነበር አልቻለውም። ቤቷ ገብቼ ቀና ስል ወንፊት ነው። መሬቱ ላይ የፀሐይ ነጠብጣብ ፈሷል። እሷ ፍራሹን ወደ ግድግዳ እየጎተተች፣ «ጋሽ ሲሞን፣ ሰማዩን ከነጠፈሩ አስገባኸው» አለችኝ።

«እኔ ነኝ እንዴ በረዶ ያወረድኩት?»

«ጣሪያውን ያለበስክ አንተ አይደለህ? ማንን ልውቀስ ታዲያ?»

እንግዲህ ዕድራችን የሙስሊምም የክርስቲያንም ነው። ለሞት ብቻ ነው የሚል ካለ አያውቀንም። በማግስቱ ታሪኩ፣ የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ነው፣ ለጸሎት ቤቱ ማድ ቤት የተገዛውን አዲስ ቆርቆሮ በጋሪ አስጭኖ መጣ። መኪያ አልወስድም አለች። ታሪኩ «ስጦታ አይደለም፤ ክረምት ሳይገባ ትመልሺዋለሽ» አላት። «እሺ፣ እመልሳለሁ» አለች። በቃ፣ ወጣን። ደቦ ነው። እኔ ከላይ ሆኜ ሳዝዝ ወጣቱ ሁሉ እንደ ጉንዳን ይሯሯጣል። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ጨረስን። እንዲህ ያለ ፍጥነት ገደብ ከተማም ሄደህ አታይም።

እሷ ጎመንና ቆጮ አቀረበችልን። ሥጋውን ሆን ብላ ነው የተወችው፤ የእኛ ዕርድና የእነሱ ዕርድ አይገናኝምና ሁሉም ከአንድ ገበታ እንዲበላ። ግን ጾመኛ ናት፣ አልቀመሰችውም። ጎመኑ ጨው ብቻ ነበር። ታሪኩ ጎረሰና ዓይኑ ፈጠጠ። «እንዴት ነው?» አለችው። «ጌታ ይባርክሽ» ብሎ ውኃ ጠየቀ።

የወረደውን ቆርቆሮስ? እኛ ሰፈር የወረደ ቆርቆሮ ባለቤት የለውም፤ የሠራ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም። ለፍየል በረት፣ ለዶሮ ቤት፣ ለሽንት ቤት መዝጊያ እያለ ሁሉም ተሸክሞ ሄደ። ሙሉካ የሚባለው ባለ ሞተር ሳይቀር ኢዲዶ ገጠር ላለው የንብ ቀፎው ጥላ ይሆናል ብሎ ጭኖ በረረ።

በረዶው መብራት አጥፍቶብን ስለነበር የመኪያ ስልክ የበራው ጣሪያው ካለቀ በኋላ ነው። ልጇ ሙከሚል ነው። አይሱዙ ይነዳል፣ ሞያሌ ላይ ነበር። «እማ፣ ምንም እንዳትነኩ! ቤቱ ኢንሹራንስ አለው!» ይላል። ለካ አይሱዙው በባንክ ብድር ሲገዛ ቤቱ መያዣ ሆኖ ነበር፤ ባንኩ ደግሞ ቤቱን ኢንሹራንስ አስገብቷል። መኪያ ለእሳት ብቻ ይመስላት ነበር። በረዶም አለበት።

እኔ ይሄን ኢንሹራንስ የሚሉትን አስቤ አስቤ የደረስኩበት ይሄ ነው፤ የጣሪያ ዕድር ነው። ልዩነቱ የእኛ ዕድር ሳትጠራው ደርሶ ይነካካል፤ ያኛው ደግሞ እስክመጣ እንዳትነኩ ይላል። ሁለቱን እንዴት አድርገህ ታስታርቃለህ?

የኢንሹራንሱ ሰው ከሐዋሳ መጣ። በፍቃዱ ይባላል፣ ጫማው የሚያበራ ወጣት። ግቢ ገብቶ ቀና አለ።

«በረዶ የመታው የቱ ነው?»

«ይሄ ነዋ!» አልኩት።

«አባባ፣ ይሄ እኮ አዲስ ነው።»

«አዲስ ነው! አያምርም? እኔ ነኝ ያለበስኩት።»

አንገቱን አከከ። «እናቴ፣» አላት መኪያን፣ «ምንም ያልሆነ ጣሪያ አይቼ ምን ብዬ ልጻፍ? የወረደውስ የታለ?»

«ሰው ወሰደው።»

«ገደብ ከተማ አንድ መጋዘን ላይ ሁለት ቀን እቆያለሁ። ስመለስ አሮጌውን ካሳያችሁኝ አያለሁ። ካልሆነ አልችልም።»

እሱ ሲወጣ መኪያ በረንዳዋ ላይ ተቀመጠች። ኢንሹራንሱ ካልከፈለ የጸሎት ቤቱን ቆርቆሮ የምትመልስበት የላትም። ታሪኩም ሰምቶ መጣ። «ተይው በቃ፣ ማድ ቤቱ ይቆያል» አላት።

«ታሪኩ፣ የመስጊድ ቆርቆሮ ያንተ ቤት ላይ ቢሆን ትተኛበታለህ?»



እኔ ግን መላ አላጣም። «ስሚ፣ ሰፈሩ በሙሉ የተበሳ ቆርቆሮ ነው። ከየቤቱ አምጥተን እንከምረው። የኢንሹራንሱ ልጅ በምን ያውቃል?» አልኳት።

«ኸድሩ ቀዩን ያስነካው የራሱን ለመለየት ነው ጋሽ ሲሞን። የሰው ለመውሰድ አይደለም» አለችና ከሱቋ የላስቲክ ጥቅሏን አንሥታ ወጣች።

ከኋላዋ መዶሻና ምስማር መንቀያ ይዤ ተከተልኩ። በየቤቱ እየገባች ቀዩን ጫፍ ትፈልጋለች፤ ቆርቆሮውን ስትወስድ በምትኩ ላስቲክ ቆርጣ ትሰጣለች። «ፍየልሽ እንዳትበሰብስ» ትላለች። የሰጠ ሰው የሰጠውን ሲያስመልስ ያፍራል ብዬ ነበር፤ የሚያፍሩት ወሳጆቹ ነበሩ። «ቀድመሽ ብትነግሪን ኖሮ» ይላሉ። አንዷ ሴትዮ ብቻ ዶሮዋ ለመታቀፍ ገና መቀመጧ ስለነበር ተቆጣች፤ መኪያ ዶሮዋን ከነቅርጫቷ ወደ ራሷ ቤት ወሰደቻት። ሙሉካ ከኢዲዶ ጥላውን ሞተሩ ላይ አጥፎ ራሱ አመጣው። ከንፈሩ አብጧል፣ ንቦቹ እሺ ብለው አልለቀቁትም። «እትዬ መኪያ፣ እኔንም ኢንሹራንስ አስገቢኝ» ሲላት ስቃ ልትወድቅ።

ሁሉም ተሰበሰበ። የቀረው እማማ አሰገደች ጋ ያለው ነበር።

እማማ አሰገደች ከመኪያ ቤት ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ነው ቤቷ። ዘመድ የላትም፣ ከአልጋ ከወደቀች ቆይታለች። በረዶው የሷንም ጣሪያ በጣጥሶት ነበር። በደቦው ዕለት ከወረደው ሻል ያለውን መርጬ ቀዳዳውን በሬንጅ ደፍኜ፣ በአልጋዋ ትክክል ያለበስኩላት እኔ ነኝ። ከዚያም ወጥቼ ረሳሁት። መዶሻዬን ይዤ በር ላይ ቆምኩ፣ መኪያ ገባች።

«መኪያ! ነይ ተቀመጪ። እይልኝ፣ በረዶው ያንቺን አፍርሶ የኔን ሠራልኝ» አለች እማማ አሰገደች።

መኪያ ቀና አለች። ቀዩ ጫፍ በሴትዮዋ ግንባር ትክክል ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፣ ብርድ ልብሱን አስተካከለችላት፣ እንቅልፍ እንዴት ነው አለቻት፣ ውኃ ቀዳችላት። ቆየች። ስትወጣ እኔን አላየችኝም።

«ልውጣ?» አልኳት መዶሻዬን እያሳየሁ።

«ወዴት ነው የምትወጣው? ና እንሂድ።»

በፍቃዱ እንዳለው ተመለሰ። ክምሩን አንድ በአንድ አነሣ፣ ወደ ፀሐይ ያዘው፣ ፎቶ አነሣ። ቀዩን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። ጣሪያውን በሜትር ለካና «ይሄ አይሞላም። የተወሰነ ይጎድላል» አለ።

«የጎደለውን አልጠይቅም» አለች።

እኔ ዝም ማለት አልችልም። «አለ እኮ! እዚያ ማዶ...» ስል ገላመጠችኝ። ግን ልጁ ሰምቷል።

«ካለ ልየው። ካለበት ማውረድ የለባችሁም፣ እዚያው ሄጄ አየዋለሁ» አለ። ደስ አለኝ። ጥሩ ልጅ ነው አልኩ በሆዴ። ከዚያ ጨመረ፤ «ግን ድርጅቱ የከፈለበት አሮጌ ዕቃ የድርጅቱ ነው የሚሆነው። ኋላ መኪና መጥቶ ከዚህ ጋር ይጭነዋል።»

መኪያ ማዶውን አየች። የእማማ አሰገደች በር ገርበብ ብሏል።

«እንግዲያው የለም በለው» አለች።

«እናቴ፣ አለ ተብሎ የለም አይባልም።»

«ልክ ነህ። አለ፤ አልጠይቅም ብላለች ብለህ ጻፈው።»

ልጁ እሷን አየ፣ ማዶውን አየ። ጻፈ።

ክፍያው ጊዜ ወሰደ፤ አርጅቷል ብለውም ቀነሱ፤ ግን መጣ። ሙከሚል በአይሱዙው አዲስ ቆርቆሮ አመጣ፤ መኪያ ለጸሎት ቤቱ አስረከበች። የበረንዳውን ያህል ጎደለ። ታሪኩ «በቂ ነው መኪያ፣ ተፈጸመ» ቢላት «እመልሳለሁ ያልኩት ያንን ያህል አይደለም» አለች። እኔን ጠርታ የበረንዳውን ቆርቆሮ አስወረደችኝ።

«ምስማር የገባበት ቆርቆሮ ለጸሎት ቤት?» አልኳት።

«አንተ አይደለህ እንዴ ከዲላ እስከ ይርጋጨፌ የሚያክልህ የለም የምትለው? በዚያው ቀዳዳ መልሰህ ምታ።»

በዚያው ቀዳዳ መታሁት። ሂድና የጸሎት ቤታችንን ማድ ቤት እይ። ጠብታ አያስገባም።

እሷ አሁን ክረምቱን በረንዳዋ ላይ በትልቅ ጃንጥላ ሥር ሆና ነው የምትሸጠው። እንጨቱ ባዶውን ቆሟል። ለምን አታለብሺውም ሲሏት «አየር ፈልጌ ነው» ትላለች። ሙከሚል ለብድሩ እየሮጠ ስለሆነ አትነግረውም። ለእማማ አሰገደችም የነገራት የለም። እኔም ላንተ የነገርኩህ እነሱ ጋ እንዳታወራ ብዬ ነው።

ባለፈው ስኳር ልገዛ ሄጄ ዝናብ ያዘን። ጃንጥላው ለሁለት አይበቃም፤ ግማሽ ጎኔ ውጭ ነው። ዝናቡ ማዶ ያለውን ቆርቆሮ ሲደበድብ ይሰማል። መኪያ ስኳሩን እየመዘነች እጇን አቆመች፣ ጆሮዋን ወደዚያ ሰጠች።

«ጋሽ ሲሞን፣ አያፈስም አይደል?»

«እኔ የመታሁት?» አልኩ። «እኔ የመታሁት ሊያፈስ?»

ሚዛኑ እኩል ሆነ፣ ቆንጠር አድርጋ ጨመረችልኝ።

ዝናቡ ሲያባራ ስኳሩን ቤት አድርሼ መሰላሌን ተሸክሜ ማዶ ሄድኩ። ከእማማ አሰገደች ራስጌ በኩል አንድ ምስማር ላልቶ ነበር። ለማንም ሳልናገር መታሁት።