ሬሳ ሆኜ የተጋደምኩባት ረቡዕ

ሮብ ገበያ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ከገበያው በላይ ካለ አንድ ግቢ ውስጥ ሞቼ ተጋድሜያለሁ... ጋቢው እስከ ደረቴ ነው፣ ፊቴ ለካሜራው ተገልጧል። ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው።

ያኔ ደብረ ማርቆስ አስተማሪ ነበርኩ። በትምህርት ቤቱ የቴአትር ክበብ ትንሽ ስለተጨበጨበልኝ ተዋናይ ነኝ ብዬ አምኜ ቁጭ ብያለሁ። ከአዲስ አበባ ፊልም ሊያነሣ የመጣ ዲሬክተር የሟቹን ቦታ ሰጠኝ። «ይህቺ ካማረችልህ ይዤህ እሄዳለሁ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ እህል አልዋጥልህ አለኝ።

ለማልቀስ የተቀጠሩት ወይዘሮ የሻረግ የሚባሉ የታወቁ አልቃሽ ናቸው። ሟቹ ፊልሙ ላይ ከበደ ይባላል ቢሏቸው አሻፈረኝ አሉ።

«ከበደን የት አውቄው? አባቱን፣ አገሩን ሳልጠራ አፌ አይፈታም። አንተ የማን ነህ?»

አንድ ስም ፈጥሬ መስጠት ስችል፣ እውነት እንዲመስል ብዬ የራሴን ነገርኳቸው። ይርጋ፣ የታከለ ልጅ፣ ከዚህ ከጮቄ ተራራ ሥር። የሙያ ፍቅር መሆኑ ነበር።

እናቴ ምንም አታውቅም። «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ብላ እንደምታዝን ስለማውቅ ደብቄያታለሁ። ረቡዕ ረቡዕ ደግሞ ገበያ ትወጣለች... ይህን እንዴት እንደረሳሁት እስካሁን አይገባኝም።

ዲሬክተሩ ሳንጀምር አስጠነቀቀኝ። «የቀረን የፊልም ጥቅል ለአንድ ጊዜ ቀረጻ ብቻ ነው የሚበቃው። ምን ቢመጣ እንዳትነቃነቅ።» መድረክ ላይ ብትሳሳት ነገ ታስተካክለዋለህ፤ የፊልም ሥራ ግን እንዲህ ነው፣ ያንን አንድ ጊዜ ካበላሸህ አበቃ።

ለቅሶው ደመቀ። ወይዘሮ የሻረግ ስሜን ከነአባቴ እያነሡ ሲያወርዱት እኔው ለራሴ አዘንኩ።

ድንገት ከአጥሩ ውጭ አንድ ድምፅ ሰማሁ።

«የማን ይርጋ? የታከለ? የእኔው?»

እናቴ ናት። ወደ ገበያ ስታልፍ ስሜን ሰምታ ገባች። አጅበው እንዲያለቅሱ የመጡት ሴቶች እንደነሱ የተቀጠረች መስሏቸው መንገድ ለቀቁላት። እግሬ ሥር ወደቀች። ፊቷን ስትነጭ ይሰማኛል... «ይርጋዬ፣ አንዴ ብቻ አቤት በለኝ» ትላለች።

አልተነሣሁም።

ድምጿን አውቄዋለሁ እኮ። ግን አዲስ አበባ ታየኝ። ትንሽ ነው፣ አሁን ያልቃል፣ ኋላ እክሳታለሁ እያልኩ ትንፋሼን ዋጥኩ።

ካሜራው ቆመ። «እንዲህ ያለ ለቅሶ ተፈልጎም አይገኝ» አለ ዲሬክተሩ፣ ደስ ብሎታል። ተነሥቼ ተቀመጥኩ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። እናቴ ጉንጯ እየደማ አየችኝ። አላቀፈችኝም፣ አልተቆጣችኝም። የወደቀ ነጠላዋን አንሥታ ወጣች፤ ገበያውንም ትታው ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ዲሬክተሩ ይዞኝ አልሄደም። ፊልሙም ይለቀቅ አይለቀቅ ወሬው ጠፋ። ፈርቼ ስቆይ ስቆይ፣ ከወር በኋላ ቤቷ ሄድኩ። ጥቁር ለብሳ አገኘኋት።

«እማዬ፣ እኔ እኮ አለሁ» አልኳት።

«ስጠራህ ሰምተኸኝ ነበር?»

«አልሰማሁም።»

ከዚያ ቀስ ብላ «ሽፋሽፍትህ ሲርገበገብ አይቻለሁ» አለችኝ። «ያኔ ምኞቴ ነው ያሳየኝ ብዬ ነበር።»

ምሳ አቀረበችልኝ። «ብላ» ግን አላለችኝም፤ የሰው ቤት እንደገባሁ ሁሉ አፍሬ ተቀመጥኩ። ጥቁሩንም እስክትሞት ከላይዋ አላወለቀችውም።

አሁን አሁን ፊልም መሥራቴን የሰሙ ልጆች «ጋሼ፣ የፊልም ትወና ከባዱ ነገር ምንድን ነው?» ይሉኛል። ምን ልበላቸው... እኔ የተወንኩት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም መነሣት ሲገባኝ ተኝቼ።