አሰለፈች ጉልቻን እምቢ ስትል

አሰለፈች ደርግ በወደቀ ዓመት ከጉና ግርጌ ባለ መንደር ተወልዳ እዚያው ለይሻው ተዳረች። በልጅነቷ ከቤት ጀርባ የምትለቅመው የአስታ ቁጥቋጦ ጭራሮ፣ እሷ ልጅ ስትወልድ ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ሆነ። አስታው ሲመናመን ኩበቱ ነደደ፤ ፍግ ያጣው የገብስ ማሳ ቀጨጨ። የእሷም ዓይን ቀላ፤ ልጇ መክሊትም ጡት ሳትጥል ሳል ያዛት።

ደብረ ታቦር ያለው ሐኪም «ልጅቱን የሚያስላት ጭስ ነው» ሲላት ወዲያው አላመነችም። ጭስ የሌለበት ቤት የት አለ? ግን እዚያው ከተማ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ የሚሠሩ ሴቶች እንዳሉ ሰምታ፣ ልጇን እንዳዘለች ሄዳ ተማረች። ተመልሳም ከአሸዋና ከሲሚንቶ፣ እሳቱን በሆዱ ይዞ ጭሱን በጀርባው ወደ ደጅ የሚያወጣ ምድጃ ሠራች። ሦስቱን ጉልቻ ነቅላ ከአጥር ውጭ ወረወረቻቸው።

የባሏ እናት እማማ ብዙነሽ በዚያ ቀን እህል አልቀመሱም።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም!» አሉ።

«ወጡን ማን ከሰሰው እማማ? እኔ የከሰስኩት ጭሱን ነው።»

«ጭስ ያላጠነው የጣራ ሣር ይበሰብሳል። ቤቱን በላያችን ልታፈርሽው ነው?»

«ሣርማ ታጭዶ ይከደናል። የመክሊት ሳንባ ከየት ይታጨዳል?»

አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ ምድጃው ተሰባብሯል። እማማ ብዙነሽ ጉልቻዎቹን አስመልሰው እሳት ይቆሰቁሳሉ።  አሰለፈች ስብርባሪውን ለቅማ ስታበቃ ወደ ባሏ ዞረች።

«በእነዚህ ድንጋዮች ላይ ድስት አልጥድም።»

«ታዲያ ምን ልንበላ ነው?» አለ ይሻው።

«በሶ አለ።»

በሶ በሉ። በማግስቱም በሶ። መንደሩ «ጠገበች» አላት። በሶው ሲሰለቻቸው ሽማግሌ ተላከባት፤ አያ ዋልልኝ ጋቢያቸውን አጣፍተው «ልጄ፣ የእናቶችሽን ወግ ትንቂያለሽ?» ብለው ገሠጿት።

«አያ ዋልልኝ፣ ጭስ ወግ ከሆነ፣ እሳት ሲቀጣጠል ወንዶቹ ለምን ደጅ ትወጣላችሁ?»

አንደኛው ሽማግሌ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ።  ይሻው በነጋታው በቅሎዋን ይዞ ወንዝ ወረደ፤ አሸዋ ጭኖ መጣ። ይቅርታ አላለም፤ አሸዋውን ግን ራሱ ነፋው።

ሁለተኛው ምድጃ ከፊተኛው ጸና። ክረምቱ ሳይወጣ የመክሊት ሳል ለቀቃት። ሣሩም እማማ ብዙነሽ እንዳሉት ቶሎ በሰበሰ፤ አሰለፈች አሳጭዳ አስከደነችው። አሮጊቷ እስኪሞቱ ድረስ በራሳቸው ጎጆ በጉልቻ አበሰሉ፤ ማንም ለማንም አልተረታም። የጎረቤት ሴቶች ግን ወንፊት ለመዋስ እያሉ ብቅ ይሉ ጀመር፤ ቆመው ምድጃውን ያያሉ፣ ከዚያ «ለእኔም ሥሪልኝ» ይላሉ።

ባለፈው ጥር ከማዶው መንደር ወንዶች «ሴቶቻችንን አታሳምጪብን፤ እንዳትመጪ» የሚል መልእክት ደረሳት። በማግስቱ የምድጃውን ቅርጽ ማውጫ በበቅሎዋ ጭና ወደዚያው ወጣች።